ለጡረተኛ ጆሮ የሚሆን ማዳመጫ

ሠላሳ አምስት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በጆሮዬ ነው። ሌላው ሰው በእጁ ወይም በምላሱ ይሠራል፤ እኔ ግን ፀጉሬ የሸበተው በወልድያ፣ በውርጌሳና በመርሳ ስልክ ቤቶች ማዞሪያ ፊት ተቀምጬ የአንዱን ድምፅ ከሌላው ጋር ሳገናኝ ነው። እንግዲህ ልጄ ትዕግሥት "እማዬ፣ ጆሮሽ እየደከመ ነው" ስትለኝ ምን ያህል እንደተናደድኩ ገምቱ።

"የደከመው ማዳመጫው ነው" አልኳት።

ማዳመጫው በእርግጥም አርጅቷል። ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተው የሸለሙኝ ነው። ስፖንጁ ተቀርፎ ባወለቅኩት ቁጥር ጆሮዬን ጥቁር ብናኝ ያለብሰዋል፣ ገመዱን ሦስት ቦታ በፕላስተር አስሬዋለሁ፣ ግራው ደግሞ ከደከመ ከርሟል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ በእሱ ክላሲካል አዳምጣለሁ። አዎ፣ ክላሲካል። የወሎ ሴት አምባሰሏን ትታ ምን ነካት እያሉ የሚስቁብኝ ጎረቤቶች አሉ፤ ይሳቁ። አምባሰሉንም አልተውኩትም።

ትዕግሥት ግን ነገሩን ማዳመጫ ላይ አላቆመችውም። እሷ ወልድያ ታስተምራለች፣ እኔ መርሳ ብቻዬን እኖራለሁ። "በር ሲንኳኳ አትሰሚም፤ ስልክ ስደውል አታነሺም፤ አንድ ነገር ብትሆኚስ?" እያለች ወደ እሷ ቤት ልትወስደኝ ከተነሳች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የመርሳ ቤቴን በደመወዜ ነው የሠራሁት። ጓሮው ውስጥ በእጄ የተከልኳቸው ሁለት ማንጎዎች አሉ። ከዚያ ቤት መውጣት ለእኔ ሁለተኛ ጡረታ ነው፤ አንዱን እንኳ በስንት መከራ ነው የለመድኩት።

በመጨረሻ ስምምነት ይዛ መጣች። "ወልድያ ነይና አዲስ ማዳመጫ እንግዛ። በአዲሱ በደንብ ከሰማሽ አፌን እዘጋለሁ። ካልሰማሽ ግን ደሴ ጆሮ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፣ ከዚያ ዕቃሽን ጭነን ወደ እኔ ቤት።"

ዓይኔን ሳላሽ እሺ አልኳት። በጆሮ ጉዳይ ማን ሊረታኝ!

እንዲህ ያኮራኝን ሥራ የተማርኩት እዚያው ወልድያ ነው። የአዟሪዎቹ አለቃ እትዬ አስካለ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁመታም፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የማይናገሩ ሴት። ሥራ በገባሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ማዳመጫውን ራሴ ላይ አጠለቁልኝና ማንም የማይነጋገርበት መስመር ላይ ሰክተው "ዓይንሽን ጨፍኚ" አሉኝ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ባዶ መስመር አዳመጥኩ። የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

"ምን ሰማሽ?" አሉኝ።

"ምንም።"

"ነገም እንደዚሁ ትሰሚያለሽ። መስመሩ ሰው ሳይኖርበት ምን እንደሚመስል ካላወቅሽ፣ ሰው ሲገባበት ምን እንደተጨመረ በምን ታውቂያለሽ?"

በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ "ምንም" ያልኩት ነገር መዓት ሆኖ አገኘሁት። ደረቅ ፍንጥቅጥቅ ካለ አንድ ቦታ ሽቦው ላልቷል። እንደ ንብ ከጮኸ ከመብራት መስመር ጋር ተጠጋግቷል። በውርጌሳ በኩል ዝናብ ከጀመረ መርሳ ፀሐይ እየወጣባት እንኳ አውቅ ነበር፤ መስመሩ ሹክሹክ ይላል። እትዬ አስካለ የገመዶቹን የብረት ጫፍ ጠዋት ጠዋት በስፒሪት በተነከረ ጨርቅ ይወለውላሉ፣ ሥራ ላይ ቆሎ መብላት ይከለክላሉ፤ የሚያኝክ ሰው ግማሹን አይሰማም ይሉ ነበር። ማዳመጫውንም በሁለቱ ጆሮ አያስደርጉንም። ግራው ለመስመሩ፣ ቀኙ መስኮቱ ጋ ለቆመው ሰው ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ጆሮዬን ለመንግሥት አስረከብኩ።

ሁለት ዓመት ወልድያ፣ አንድ ዓመት ተኩል ውርጌሳ ከሠራሁ በኋላ ለመርሳ ደረስኩ። በዚያ ዘመን ከተማው ውስጥ ስልክ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል። ሌላው ሰው ስልክ ቤት መጥቶ ያስመዘግብና አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አለቃዬ የነበረው ሰውዬ ዋና ጭንቀቱ የቅጹ ካርቦን በትክክል መግባቱ ነበር፤ ነፍሱን ይማር፣ ሌላ ክፋት አልነበረበትም። ደመወዙም በወሩ መጨረሻ ላይ ለወሩ መጨረሻ ይበቃ ነበር።

የሥራው ጣዕም ያለው ድምፁ ላይ ነው። ሰው ገና ሳይናገር ምን ይዞ እንደመጣ ከትንፋሹ አውቃለሁ። ልጅ የተወለደለት ሰው ቁጥሩን እየተጣደፈ ይናገራል። ገንዘብ ሊለምን የደወለ የሁሉንም ቤተሰብ ጤና ጠይቆ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ አይገባም። መርዶ የያዘ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ረጅም አየር ይስባል፣ ከዚያ ስሜን ይጠይቀኛል። ምክንያቱን እስካሁን አላውቀውም። ብቻውን ላለመሆን ይሆናል።

አሁን የማልወደውን ነገር ልናገር ነው።

ጋሼ ይማም መርሳ ውስጥ እህል የሚነግዱ፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው አሰብ ወደብ ይሠራል። አንድ ቀን ጠዋት ከአሰብ ተደወለ። ደዋዩ ረጅም አየር ሳበና ስሜን ጠየቀኝ። ከዚያ የቅሬውን ዳኛ ሸህ እንድሪስን እንዳገናኘው ለመነኝ። ቅሬ ማለት በእኛ አገር እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው፤ መርዶም የሚነገረው በእሱ ነው። የይማም ወንድም በሥራ ላይ ዕቃ ወድቆበት ሞቷል። ሸህ እንድሪስ በስልኩ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንነግረዋለን። እስከዚያ ማንም እንዳይሰማ" አሉ።

የሰማሁት እኔ ነኝ። አዟሪ መስመሩ መያያዙን ለማረጋገጥ መጀመሪያውን መስማቷ አይቀርም፤ ከዚያ ከመስመሩ መውጣት ነበረብኝ፣ አልወጣሁም።

ከምሳ በኋላ ጋሼ ይማም ራሳቸው መስኮቱ ጋ መጡ። "ጥሩወርቅ፣ እንደምን ዋልሽ? እስቲ አሰብን አውጪልኝ፤ ያ ወንድሜ ለአረፋ ይመጣ እንደሆን ልጠይቀው" አሉኝ።

ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተማርነውን መልስ ሰጠሁ። "መስመሩ ተበላሽቷል ጋሼ፤ ነገ ይምጡ።" ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በድምፄ እተማመን ነበር።

እሳቸው ግን አልሄዱም። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። "ማን ሞቶብሽ ነው?" አሉኝ።

"ኧረ ማንም አልሞተብኝም።"

"ታዲያ ነጠላሽ?"

ጎንበስ ብዬ ራሴን አየሁ። ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጬ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አዘቅዝቄዋለሁ። መቼ እንዳደረግሁት አላውቅም። ጠዋት መርዶውን ስሰማ እጄ ራሱ አድርጎታል፤ እናቶቻችን ሲያደርጉ አይተን ያደግንበት ነገር ነው፣ ሐሳብ አይፈልግም።

ጋሼ ይማም ነጠላዬን አዩ፣ ማዞሪያውን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩኝ። "ከአሰብ ነው" አሉ። "ኢና ሊላሂ" ብለው ሳይጨርሱ ወደቁ። ግንባራቸው የመስኮቱን ጠርዝ መታው። አግዳሚው ላይ የነበረችው አንዲት የማታውቃቸው የገጠር ሴት ብቻ ናት፤ እኔም ከመስኮቱ ወዲህ ነኝ። በሩን ከፍቼ እስክወጣ ደማቸውን እያዘሩ ተነስተው ወደ አውራ ጎዳናው ሮጡ። ወደ አሰብ የሚሄድ መኪና ለማስቆም ከመንገዱ መሐል ገብተው ሲጮኹ ነው ሰዎች ድልድዩ ጋ የያዟቸው።

ማታውን ሸህ እንድሪስ መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ፣ መርዶ እኮ የሚነገረው የሚደግፈው እጅ ሲዘጋጅ ነው። አንቺ ብቻውን ጣልሽው" ብለውኝ ሄዱ።

በማግስቱ እትዬ አስካለ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከወልድያ ወረዱ። የሚያባርሩኝ መስሎኝ ልብሴን አጣጥፌ ጠበቅኋቸው። ከቦርሳቸው መዶሻና ምስማር አወጡና ከማዞሪያው ክፍል በር ውጭ ግድግዳው ላይ መቱት። "ከዛሬ ጀምሮ ነጠላሽ እዚህ ይውላል። ስትገቢ አውልቀሽ፣ ስትወጪ ለብሰሽ። ፊትሽን ግን እኔ ላስተምርሽ አልችልም፤ አንቺው ተማሪው።" ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ።

ተማርኩት። ከዚያ በኋላ ሠርግም ይሁን ሞት ከፊቴ ላይ ያነበበ ሰው የለም። ጋሼ ይማም ግን እስኪሞቱ ድረስ ወደ መስኮቴ አልተመለሱም፤ መደወል ሲፈልጉ ሰው ይልኩ ነበር። ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አይነፍጉኝም ነበር፤ እኔ ግን ግንባራቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ላለማየት አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

ክላሲካል የመጣልኝ ከዚያ ወዲያ ነው። ሲሪንቃ ካለው የእርሻ ምርምር የማሽላ ተመራማሪ የሆኑ ሰው ወደ አዲስ አበባ ለመደወል እየመጡ ሰዓት ሙሉ ይጠብቁ ነበር። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ትንሽ ቴፕ ይዘው ይመጡና አግዳሚው ላይ ዝቅ አድርገው ይከፍቱታል። የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ከሬዲዮ ከተሰማ አገሩ በሙሉ "ማን ሞተ?" ነበር የሚለው፤ ወረፋ የያዙት ሰዎችም ሰውዬውን በጥርጣሬ ያዩአቸው ነበር። አንድ ቀን መስመሩ ፀጥ ሲል የጆሮ ማዳመጫቸውን በመስኮቱ አቀበሉኝ። በሁለቱም ጆሮዬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በግራ ቫዮሊኖቹ፣ በቀኝ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ቼሎ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ እኔ ነኝ።

ደስ ያለኝ ምኑ እንደሆነ ወዲያው አውቄዋለሁ። በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ቃል የለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ነገር ሲፈስበት ለዋለ ጆሮ፣ ማንም የማይናገርበት፣ ምንም ምስጢር ጠብቂልኝ የማይል ድምፅ መስማት ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ሌላ ሰው አይገባውም። ሰውዬው ሲዛወሩ ካሴቶቹን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስልኩም መብራቱም ጠፍቶ በከረምንበት ጊዜ እንኳ በባትሪ ድንጋይ እያዳመጥኩ ነው ያለፍኩት።

ከዚያ አውቶማቲክ ስልክ መጣና ማዞሪያውን ነቅለው ወሰዱት። እኔን ከመደርደሪያ ጀርባ አስቀምጠው ቅጽ አስሞሉኝ፣ ሲም ካርድ አስሸጡኝ። የሰው ድምፅ ቀርቶ የሰው መታወቂያ ቁጥር ስጽፍ ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚያ ዘመን ብዙ የምለው የለኝም።

እንግዲህ ባለፈው ወር በሚኒባስ ወልድያ ገባሁ። ትዕግሥት መናኸሪያ ተቀበለችኝ፤ ባጃጅ ይዘን ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድን። ሱቁን የምትጠብቀው ለተብርሃን የምትባል ወጣት ናት፤ ወላጆቿ ከትግራይ መጥተው ወልድያ ንግድ የጀመሩት እሷ ሳትወለድ ነው። ትዕግሥት ባንክ ጉዳይ ስለነበራት "መጣሁ" ብላ ትታኝ ወጣች።

ለተብርሃን መጀመሪያ በብሉቱዝ የሚሠራ፣ የሚያብለጨልጭ ማዳመጫ አወጣችልኝ። "እትዬ፣ ይህን ይሞክሩት፤ ቤዙ ለጉድ ነው!" ብላ የከፈተችው ዘፈን ደረቴን ደለቀው። አወለቅኩት። "እኔ ከበሮ አልፈለግሁም" ብዬ የራሴን ሙዚቃ ካስጫንኩበት ስልኬ ጋር አገናኘሁት። ከመክፈቴ በፊት አጥልቄው ባዶውን አዳመጥኩ፤ በራሱ እሽ ይላል፤ ዕቃው ሳይነካ የሚያወራ ከሆነ ሙዚቃው መሐል ዝም አይልም። ስከፍተውም ቼሎው አብጦ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ሁለተኛው ማዳመጫ ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ነው፤ የራሴን ምራቅ ስውጥ ሰማሁ። ሦስተኛው ባለ ገመድ፣ ጆሮን በሙሉ የሚሸፍን፣ ለስላሳ ነው። ገመዱ ከማዳመጫው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ አጠፍ ዘርጋ አድርጌ አየሁት፤ ጎማው ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይበጠስም። አጥብቆ አይዝም፣ መነጽሬንም ጆሮዬ ላይ አይጫነውም። ባዶው ባዶ ነው። ሙዚቃውን ስከፍት ግን ያው ነገር፤ እንደ ፊተኞቹ ሁለቱ ግራው ደክሟል።

"የኔ እመቤት፣ የሦስቱም ግራ የሞተ ነው" አልኳት። "ይህን ዕቃ ከየት ነው የምታመጡት?"

ተቀብላ በራሷ ጆሮ አደረገችው። "ለእኔ እኩል ነው የሚሰማኝ እትዬ።"

"አንቺ የሙዚቃ ጆሮ የለሽማ!"

አልተቀየመችኝም። "እሺ፣ እስቲ ደግሞ ገልብጠው ያድርጉት" አለችኝ፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ።

ገልብጬ አደረግሁት።

ቫዮሊኖቹ በቀኝ ጆሮዬ ገቡ። ደጋኑ ክሩን ሲነካው የምትሰማዋን ያችን ስስ ፍጭት ሳልሰማ ስንት ዓመት እንደሆነኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በግራዬ በኩል ወፍራሙ ቼሎ ብቻ ይመጣል፤ ቀጭን የሆነው ሁሉ የለም። ማዳመጫው ደህና ነው። አሮጌውም ምናልባት ደህና ነበር።

ግራ ጆሮዬ መቼ እንደሄደ ገመትኩ። አንድ ክረምት መርሳ ላይ ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች፤ ከወልድያ መኪና እንዲላክላት እያነጋገርኩ ሳለ ሰማዩ ጮኸ። ነጎድጓድ ሲመጣ ማዳመጫ ይወልቃል፤ ሕግ ነው። ሾፌሩ የቤቱን አቅጣጫ ገና አልያዘምና አላወለቅሁም። መብረቁ መስመሩ ላይ ሲወርድ ግራ ጆሮዬን በጥፊ የተመታሁ መሰለኝ። ሳምንት ሙሉ ሲጮህብኝ ከማዞሪያው እንዳያነሱኝ ለማንም አልተናገርኩም። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች። ዛሬም ቢሆን አላወልቀውም።

ለተብርሃን ፊቴን ስታይ ቆይታ ድምፁን ቀነሰችው። "እትዬ" አለች በለሆሳስ፣ "ልጅዎ ስትመጣ ተስማምቷቸዋል ልበላት?"

የጆሮዬ ነገር ገብቷታል። ባለ ገመዱን ገዛሁት። የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ሁለቱም ጎኑ ክብ፣ እኩል ስለሆነ ነው፤ ገልብጠው ቢያደርጉት አይቆረቁርም። ዋጋውንም ትንሽ ተከራክሬ አስቀነስኩ፤ ያን ያህል አልተሰበርኩም።

ትዕግሥት ተመለሰች። "እህስ? ሰማሽ?"

"ሰማሁ" አልኳት። ፊቴ ላይ ምንም አልነበረም። ውሸትም አልነበረም።

"በደንብ?"

"በደንብ።"

ፊቷ በራ፤ "እንግዲያው ረታሽኝ" ብላ ጁስ ልትጋብዘኝ ወሰደችኝ። አቮካዶው መጣ። ቤቴ ተረፈ፣ ማንጎዎቼ ተረፉ፣ ልጄም አፏን ዘጋች። ጁሱ ግን አልወርድልሽ አለኝ። ያን ፊት የተማርኩት በጋሼ ይማም ግንባር ነው። ሰው ሐዘኑን ሰው ሳይደግፈው ብቻውን እንዳይሰማ ብዬ የተማርኩትን፣ የገዛ ልጄን ለማታለል ላውለው ነው? ስኒ ወድቆ ሲሰበር ያልሰማሁ ዕለት፣ እሳት ተነስቶ ጎረቤት ሲጮህ ያልሰማሁ ዕለት፣ የሚያገኘኝ እሷ ናት፤ ያውም ብቻዋን።

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። "ትዕግሥት፣ ግራ ጆሮዬ ሄዷል። ማዳመጫው አይደለም። ገልብጬ አድርጌ ነው የሰማሁት።"

ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች።

"ደሴ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። የሚያዘውን አደርጋለሁ፣ ጆሮ ላይ የሚለጠፍም ከሆነ ይለጠፍ። ቤቴን ግን አልለቅም። በሩ ላይ ሲንኳኳ መብራት የሚያበራ ነገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እሱን አስገቢልኝ። አንድ ዓመት እንየው። ካልሆነ ራሴ ጭኜ እመጣለሁ።"

"እሺ" አለች። ቀስ ብላ፣ እንደገና "እሺ።"

እንዲህ በቀላሉ መስማማቷ ግራ አጋባኝ። ስምምነቱን እንዳትረሳው ብዬ ጨመርኩ፤ "ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ስታወሪኝ በቀኜ በኩል ተቀመጪ።"

ትዕግሥት አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ግን ትስቃለች።

"እማዬ፣ አሁን የት ነው የተቀመጥኩት?"

ዞር አልኩ። በቀኜ ነበረች።

"ባጃጁ ውስጥስ? ቤትሽ ስመጣ በረንዳው ላይስ?" አለችኝ። "ሁለት ዓመት ሆነኝ።"